ቁጥር አርባ አንድ

አራት ኪሎ ሱቄ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣
ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ውጭ ሚሆን፣
ሳሙና፣ ክብሪት፣ የሞባይል ካርድ፣ ቆሎ፣
ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ሌላ ጉድ ታክሎ፦
የጃንሜዳ ገና ተጫዋች ካርድ ላይ፣
ዱላው ተሰንዝሮ፣ ሩሯ ወደ ሰማይ፤
ከጀርባው ቁጥር አለው፣ ስሙና ሰፈሩ፣
ስልሳ ናቸው ሲሞሉ። አይሞሉም ነው ነገሩ።

መጀመሪያ ፓኬቱን በሃያ ሸጥኩት፣
እንደ ቀበሌ ስኳር ልጆቹ ተሻሙት።
በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ካርቶን ሳዝዘው፣
«አንድ ይድረስሽ» አለ፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

አከፋፋዩ ግዛቸው ይባላል፤
ስም ሲያወጡ ያኔ ማን ይህን ያስባል?
መግዛት መሸመት ነው፣ መግዛት መንገሥ ነው፣
እሱ ሁለቱንም በአንድ ደረሰኝ ያዘው።

«ወረቀቱ በዶላር፣ ቀለሙ በዶላር፣
እኔ ምን ላድርግሽ?» ይላል ሲናገር።
በስድስት መቶ የያዝኩት ካርቶን ሺህ ሁለት መቶ ሆነ፣
እኔም ሃያውን አርባ አልኩ፤ ልጁ ደጄ ላይ ባዘነ።

ሒሳብ ልከፍል ብዬ፣ ጃንጥላ ይዤ፣
በራስ መኮንን ድልድይ ፒያሳ ተጉዤ፣
የመጋዘኑን በር ሠራተኛው ሲገፋው
አየሁት እስከ ጣሪያው፤ «አለቀ» ያለኝ ያው!
ምንም አልተናገርኩ።
አንዷን ካርቶኔን ይዤ ተመለስኩ።
የዘጋ ሰው ጋ ነው ቁልፉ የሚገኘው፣
እሱን ካስቀየምኩት ነገ ምን ልሸጥ ነው?
በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤
ግዛቸውም አይቆጣ፤ በዝግታ «አልቋል» ይላል።

ከስልሳው አንዱ ግን፣ ቁጥር አርባ አንድ፣
ከመቶ ፓኬት ውስጥ አይወጣም እንኳ አንድ።
ጸጋሁን መርሻ፣ ግራኙ፣ ዱላውን እንደ ማጭድ ይዞ።
አንዱ ልጅ «ማሽኑ ቆሞ ነው ሲያትመው» ይላል፣
አንዷ ግን «አውቀው ነው» ትላለች። ልጅ ያውቃል።

ኢዮስያስ አለ፣ ስድስተኛ ክፍል፣
ሃምሳ ዘጠኝ ይዞ አንዷን የሚከጅል፣
የታክሲ ብር ቆጥቦ በእግሩ እየሄደ፣
ምሳ ዕቃውን ሳይቀር ለካርድ የነገደ።
በየማታው መጥቶ «መጣ?» ይለኛል፣
«አልመጣም» እላለሁ፤ እሱም ያምነኛል።

መጥቷል ግን። አንድ ማታ፣ ሱቁን ዘጋጋሁና፣
አንዷን ፓኬት ቀደድኩ፣ እንደ ልጅ ሆንኩና፤
ጸጋሁን ወጣልኝ። ከሚዛኑ ሥር
በጋዜጣ ጠቅልዬ አኖርኩት በምስጢር፤
«ገና ሲቃረብ ሺህ ብር ያወጣል» ብዬ፣
የራሴን ግዛቸው በሆዴ አዝዬ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
አንድ ሰው ገባ ሱቄ፣ ዳቦና ሻማ ሊጠይቅ፤
ቱታው ሲሚንቶ ነው፣ ፊቱም ላይ ነጭ አቧራ፣
ብሩን ሲቆጥርልኝ አየሁት፦ በግራ።

«ፎቶዬ አለ አሉኝ፤ ስንት ነው?» አለ አፍሮ፤
«የለም፣ ወንድሜ» አልኩ። «ቢኖርም ዘንድሮ
ስምንት መቶ ብር...» ሳቀ፤ ከት ብሎ ሳቀ፣
«የቀኔ ዋጋ እኮ ስድስት መቶ ላይ አለቀ!
እኔ ከፎቶዬ በሁለት መቶ አንሳለሁ?
ይሁን፤ ‹ተወደድኩ› ብዬ ለናቴ እነግራለሁ።»

ኢዮስያስ እዚያው፣ ከጎኑ ቆሟል፣
አልበሙን ታቅፏል፣
ትከሻው የሰውየውን ክርን እየነካ።
ቀና ብሎ አላየውም።
ዓይኑ እኔ ላይ ነው። «መጣ?» አለኝ።

ሰውየው ወጣ። ሻማውን ረሳ።
ሚዛኔ ባዶ ነው፤ ከሥሩ ሰው አለ።
«አልመጣም» አልኩት፤ ድምፄ ግዛቸውን መሰለ።
«ነገስ?» አለ።